መልሕቅ ያለው ተጎታች ቤት

ያን ማክሰኞ ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። እኛ ዘንድ፣ ከኖርዌይ ባሕር ማዶ በዩትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ነፋስ ከምዕራብ ነፈሰ ማለት ፀሐይ ከምሥራቅ ወጣች እንደ ማለት ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም። የዚያን ቀኑ ግን የተሰጣ ፎጣ ከገመድ ነጥቆ ፊዮርዱ፣ ማለት የባሕር ወሽመጡ ውስጥ የሚጥል፣ በስኒ የያዝሽውን ቡና ከበር እስክትወጪ ግማሹን የሚጠጣልሽ ዓይነት ነበር። ዝናቡም ከላይ መዝነቡን ትቶ በጎን ይወረወራል። ሰኔ አጋማሽ፣ የእኛ አገር በጋ መሆኑ ነው እንግዲህ። እንዲያም ሆኖ በየተጎታች ቤታችን በጋውን የምናሳልፍበት ካምፕ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ የቶርኪል ተጎታች ቤት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦታው ሲነቃነቅ ለማየት።

በየካምፑ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከሌለ ካምፑ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ሰውዬው ያገለገለ ተጎታች ቤት ይገዛል። ልጓዝበት ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜውን ሲጠግነው ይኖራል። ሌላው ወንበሩን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እሱ ከተጎታቹ ሥር ሁለት እግሮቹ ብቻ ወጥተው ይታያሉ። አንድ አምስት ዓመት ከተጎራበታችሁ በኋላ ከፊቱ ይልቅ የጫማውን ሶል ታውቁታላችሁ። የኛው ካምፕ ሰው ቶርኪል ይባላል። እኔ በልቤ ሊቀ ሙጫ እለዋለሁ። ባለቤቴ አርኔ ደግሞ ፊት ለፊት ይለዋል።

ክቡር ሊቀ ሙጫ በሙያው ጀልባ ሠሪ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ወደቡ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲሠራና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። "እኔ የነካሁት ጀልባ ሰምጦ አያውቅም" ይላል፤ እውነቱን ነው። ችግሩ ተጎታች ቤት ጀልባ አለመሆኑ ነው። ተጎታች ቤት ሲፈጠር የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ በውጭ ስስ አልሙኒየም፣ በውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ በመሐል አየር። እንዲህ የቀለለው መኪና እንዲጎትተው ነው። ይህን እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ ዓሣ ፋብሪካ የገባሁት እንኳ አውቀዋለሁ። ለሊቀ ሙጫ ግን ክብደት ወዳጅ ነው። ጀልባ ሆዱ ሲከብድ ማዕበል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የቀለለው ይገለበጣል። በዚህ አርባ ሁለት ዓመት ያመነን ሰው በምን ታሳምኑታላችሁ?

ተጎታቹን የገዛው ባሏ ከሞተባት ሴት ነበር። አምጥቶ ከኛ አጠገብ አቆመውና እኔንና አርኔን ኑ እዩልኝ አለን። ውስጡ የረጠበ ውሻ ይሸታል።

"ሽታው የድሮዎቹ ባለቤቶች ነው፤ ይለቃል" አለ።

አርኔ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በጣቱ ጫን ቢለው ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። አውጥቶ ጣቱን አየ። ቶርኪል ደግሞ ቀዳዳውን አየ፤ ያኔ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

"ትንሽ ውሃ ጠጥቷል። ሁለት ሰዓት አይፈጅም" አለ፤ የመጀመሪያ አባባሉ ይህ ነው።

ሚስቱ ኢንገሊሴ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ተጎታቹ የተገዛው ለሷ ሲባል ነበር። ኖርዌይ ያገባች ማግዳ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት። ቶርኪል በሰው አልጋ አይተኛም። በሠላሳ ዓመት ጋብቻቸው አንድ ሌሊት እንኳ ተኝቶ አያውቅም። እንግዲህ አልጋውን ይዞ ይሂድ ተብሎ ተጎታች ቤት ተገዛ። "ለሰኔ እህቴ ጋ ነን" አለችኝ ኢንገሊሴ። ያኔ ፀጉሯ ገና አልሸበተም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለኔ የመያዝ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይሠራም፤ ጫፍ የሚይዝለት ይፈልጋል። መጀመሪያ ያዡ አርኔ ነበር። ሁለት በጋ ከያዘ በኋላ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ሥልጣኑን ለኔ አስረከበ። ጀርባው በማግሥቱ ተሻለው። እኔ ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በሸራ ዳሳችን በር በኩል አንድ ራስ ብቅ ይላል።

"ቦዲልዬ፣ እስቲ ይችን ጫፍ ያዥልኝ። አንድ ደቂቃ!"

አንድ ጊዜ የጣሪያ ሳንቃ ሙጫው እስኪይዝ ድረስ በሁለት እጄ ወደ ላይ ደግፌ እንድቆም አደረገኝ። እሱ ማሠሪያ ላምጣ ብሎ ወደብ ሄደ። ወደቡ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባውን አገኘ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ አርኔ መጥቶ ሄሪንግ ዓሣ ያለበት ዳቦ አጎረሰኝ። "ምስኪን ምሰሶ!" አለኝና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቶርኪል ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲመጣ ሳንቃውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገውና፣ "አየሽ? ከፋብሪካው ይበልጣል" አለኝ። ሁለተኛው አባባሉ ይህ ነው። ከፋብሪካው የማይበልጥ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

ክፉው ዘመን የመጣው ወደቡ ላይ አሮጌ የዓሣ ጀልባዎች መፍረስ ሲጀምሩ ነው። የኦክ እንጨት፣ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ በነፃ! ሊቀ ሙጫ በተጎታቹ ውስጥ የበሰበሰውን ቀጭን ጣውላ ሁሉ አውጥቶ በኦክ ተካው። ቀጥሎ ያልበሰበሰውንም ተካው። ከወለሉ ሥር የጀልባ ሳንቃ አነጠፈ። ሽንት ቤቱን ሴራሚክ አለበሰው። ከአንድ ጀልባ የካፒቴን ክፍል የብረት ምድጃ አምጥቶ ተከለ። ጠረጴዛው እንኳ አራት ሰው ካልተረዳዳ አይነሳም። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር፣ እኛ አገር ለልደት እንደሚደረገው፣ ባንዲራውን ይሰቅልና ለጎረቤት ሁሉ መራራ አረቄ ይቀዳል። የካምፑ ኃላፊ ኬል እያለፈ፣

"የማን ልደት ነው ደግሞ?" ሲለው፣

"የወለሉ" ይላል፤ ሳይስቅ።

መልሕቁን ያመጣው በአራተኛው ዓመት ነበር። ሌሊቱን ትልቅ ነፋስ ነፍሶ የሁለት ሰዎችን ሸራ ዳስ ከወሰደ በኋላ፣ ክቡርነታቸው በጋሪ መልሕቅ ይዘው ብቅ አሉ። እውነተኛ መልሕቅ ነው፤ ባለሰንሰለት፣ ሁለት ጥርስ ያለው። ከተጎታቹ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ሰንሰለቱንም ከመሠረቱ ብረት ጋር አሠረው።

"ይህ ቤት የትም አይሄድም" አለ እጁን እያራገፈ።

"እሱንማ እናውቃለን" አለች ኢንገሊሴ።

በየሰኔው ኢንገሊሴ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ በየሐምሌው መልሳ ትፈታለች። አንድ ዓመት የጎማው ነገር ነበር፤ ሌላ ዓመት የጣሪያው ስፌት፤ ሌላ ዓመት ደግሞ የመጋረጃው ዘንግ፣ ከመዳብ ካልሆነ አይሆንም ተብሎ። ብቻዋን ለምን እንደማትሄድ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። "ለኔ ብሎ እኮ ነው የሚሠራው። ትቼው ብሄድ ማን ላይ ይሠራል?" አለችኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም፤ ግን ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ካምፑ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ አብረን ስናጥፍ፣ ኢንገሊሴ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቆመች።

"ማግዳ ዓይኗ እየሄደ ነው" አለች።

"እንዴት እየሄደ?"

"መሐሉ። የምታየው ነገር መሐሉ ይጠፋል፤ ጠርዙ ይቀራል። ጋዜጣ ማንበብ አልቻለችም። ሐኪሙ እስከ ክረምት ባለው ጊዜ ማየት የምትፈልጊውን ሁሉ እዪ ብሏታል።" አንሶላውን ሰጠችኝ። "የኔን ፊት ነው ያለችው፤ ሌላ ነገር አልጠራችም።"

በሰኔ መጀመሪያ ቶርኪል የቁም ሳጥን በር በመላጊያ ሲልግ፣ ኢንገሊሴ አንድ ወረቀት አምጥታ ፍቅፋቂው ላይ አስቀመጠችለት። እኔ የበሩን ሌላ ጫፍ ይዤ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"ይህ ምንድነው?"

"የመርከብ ትኬት። ሐሙስ።"

"የቱ ሐሙስ?"

"የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት።"

"አንቺ፣ ይህ በር እኮ አልተገጠመም። የጣሪያውም ጠርዝ ገና..."

"ቶርኪል፣ እኔ ሐሙስ እሄዳለሁ። ከተጎታቹ ጋር ወይም ያለተጎታቹ። ካንተ ጋር ወይም ያላንተ።"

መላጊያው ቆመ። አርኔ ከወንበሩ ሆኖ፣ ጋዜጣውን ሳያወርድ፣ "ኖኅ እንኳ ጨርሶ ነው ዝናቡን የጠበቀው። አንተን እኮ አሥራ አንድ ዓመት ዝናቡ ነው የሚጠብቅህ" አለው።

 ቶርኪል በሩን እንደ ልማዱ ሳያጓትት በዚያው ቀን ገጠመው።

ማክሰኞም ደረሰ፤ ተጎታቹን ከመርከቡ ሁለት ቀን ቀድመን ልንሞክረው ነው። ቶርኪል መኪናውን ከተጎታቹ ጋር አያያዘው፤ ኢንገሊሴ ከፊት ገባች፤ እኔ የተጎታቹ በር እንዳይከፈት ልይዝ ከኋላ፣ ተጎታቹ ውስጥ ተቀመጥኩ። ቶርኪል ነዳጅ ረገጠ። መኪናው ጮኸ። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ እየፈተሉ መሬቱን ቆፈሩ። ተጎታቹ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዴ ደገመ። ከየመስኮቱ ሰው ይስቃል፤ ኬል በዝናብ ልብሱ እየሮጠ መጣ።

"መልሕቁ! አንተ ሰውዬ፣ መልሕቁ!"

ራሱ ቀብሮ ራሱ ረሳው። መልሕቁ ተቆፍሮ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ወጥቶም ተጎታቹ ውስጥ ተጫነ፤ ጀልባ ሠሪ መልሕቁን መሬት ላይ ትቶ አይሄድማ።

ተጎታቹ ሲንቀሳቀስ ካምፑ አጨበጨበ። ያልተደሰተው ኬል ብቻ ነበር። "የመኪናህ አፍንጫ ሰማይ ያያል፣ ቶርኪል። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ፖሊስ ተጎታች ይመዝናል። እነሱ ሳይመዝኑህ ሂድና ተመዘን" አለው።

እኛ አካባቢ ሰው ተጎታቹን የሚመዝነው ከብት መኖ የሚሸጠው መጋዘን ጋ ነው። ግቢው ውስጥ ገበሬ እህሉን በጭነት መኪና አምጥቶ የሚያስመዝንበት የምድር ሚዛን አለ። ተጎታቹን ሚዛኑ ላይ አቁመን ከመኪናው ለየነው። ከመስኮቷ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ቁጥሩን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ እንደገና ቁጥሩን አየች።

"ይቅርታ፣ ምንድን ነው የጫኑት? ሲሚንቶ ነው?"

"ባዶ ነው" አለ ቶርኪል።

"ወረቀትዎ ላይ የተፈቀደው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ነው የሚለው። ይህ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ነው። በዚህ ክብደት ከያዙዎት እዚያው መንገድ ዳር ነው የሚያስቀሩት።"

ዝናቡ የቶርኪልን ባርኔጣ ሲመታ ይሰማኛል። እጁን አንሥቶ የተጎታቹን ጎን መታ መታ አደረገው፤ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው።

"ጥሩ ሥራ ነው እኮ። እያንዳንዱ..." ብሎ አልጨረሰውም።

ኢንገሊሴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። "አራት መቶ አርባ ኪሎ። ሁለት ቀን አለህ" አለችና መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሠረች።

እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት የገባው በሁለት ቀን ሊወጣ ሆነ። መልሕቁ በመጀመሪያ ወጣ፤ ምድጃው ተከተለ። ጠረጴዛውን አራት ሰው ተሸከመው። ከዚያ ወዲያ ግን የሚፈታ ነገር አልነበረም። ሊቀ ሙጫ እንዲፈታ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ካቻቢቴ ቢይዝ ብሎኑ በሙጫ ታትሟል፤ ብሎኑ ቢወጣ እንጨቱ ከእንጨቱ አይላቀቅም። የባሕር ውሃ ያላላቀቀውን ሙጫ ራሱ በመሮና በመዶሻ ይፈነቅለው ጀመር። የፈነቀለውን ሁሉ በመስኮት ያቀብለኛል፤ እኔም ይዤ ለሚቀጥለው ሰው አቀብላለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ "ሁለት ሰዓት አይፈጅም" የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። አርኔ እንኳ ቀልዱን ተወው። ጀርባውን ረስቶ ሳንቃ ተሸከመ።

ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ ቶርኪል ቆመ። ሴራሚኩን በትክክል እንዲገጥም አንድ ክረምት ሙሉ ነው የቆረጠው። መዶሻውን ይዞ ያየዋል፤ አይመታም። ኢንገሊሴ የዝናብ ልብሷን እንደለበሰች ገባች፤ መዶሻውን ከእጁ ወሰደች፤ "ወጣ በል" አለችው። ከዚያ እንቁላል እንደምትሰብር አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ሰበረችው። እሱ ውጭ ዝናቡ ላይ ቆሞ በእያንዳንዱ ምት ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የምይዝለት ነገር ስላልነበረኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ረቡዕ ከሰዓት እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣን። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ።

"ሠላሳ ኪሎ!" አለ አርኔ። "ያን ያህልማ የኔ ቁርስም ይመዝናል።"

ማንም አልሳቀም። ተመልሰን ገብተን አየን። የቀረው ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ከነሙሉ ዕቃው የቶርኪል የመሣሪያ ሣጥን፣ እና በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተመታ አንድ የኦክ መቀመጫ ነበር።

ስለ መቀመጫው መናገር አለብኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ተደርጌ ነበር። ከዝቅተኛ ወንበር መነሣት አቅቶኝ ሰው ይጎትተኝ ነበር። አንድ ቀን ቶርኪል እንደ ልማዱ ጠራኝና አንድ እንጨት ግድግዳው ላይ ደግፌ እንድይዝለት አደረገ። ያዝኩለት፤ አራት ብሎን መታበት፤ "እስቲ ተቀመጪበት" አለኝ። ተቀመጥኩ። ከፍታው ልክ ነበር። እጄን ምንም ላይ ሳልደግፍ ተነሣሁ። መቼ እንደለካኝ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም፤ እሱም ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ኢንገሊሴ ጋ ወሬ ስናወራ የምቀመጠው እዚያ ነው።

"ይኸው፣ መቀመጫው ይውጣ። ሠላሳ ኪሎ ይሆናል። ቦዲል እንደሆነች ኖርዌይ አትሄድ" አለ አርኔ።

ቶርኪል መቀመጫውን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ።

"እሱ አይወጣም" አለ። "ግድግዳውን የያዘው እሱ ነው።"

ግድግዳውን የያዘው እሱ አልነበረም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ብሎኖቹ ሲገቡ የያዝኩት እኔ ነኝ። አራት ብሎን ብቻ ነው ያለው፤ ጠብታ ሙጫ እንኳ የለበትም። በዚያ ቤት ውስጥ በቀላሉ ሊፈታ የሚችለው ብቸኛው ነገር እሱ ነበር። ኢንገሊሴ እኔን አየችኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። 

ቶርኪል ጎንበስ ብሎ የመሣሪያ ሣጥኑን አነሣ። ሣጥኑ አባቱ የሠራለት ነው፤ ከነዕቃው ሠላሳ ኪሎ ይሞላል። አርባ ሁለት ዓመት ወደብ ላይ አብሮት የኖረ፣ ለበዓል እንኳ መኪናው ውስጥ ሳይዘው የማይወጣው ነው። በሁለት እጁ አቅፎ ተሸክሞት ወጣ፤ ሣሩን ተሻግሮ እኛ ዳስ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው።

"ዝናብ እንዳይነካው" አለኝ።

"አይነካውም" አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። ነፋሱ ቆሞ ነበር። ተጎታቹ እንደ ባዶ ጣሳ እየተንኳኳ ከካምፑ በር ሲወጣ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሌላው ሁሉ እንቅልፍ ወስዶት ነበር መሰለኝ። እኔ ብቻ ነበርኩ የቆምኩት፤ ያውም ከልማድ።

ኢንገሊሴ እሑድ ደወለች። ማግዳ ግቢው በር ላይ ወጥታ ጠብቃቸዋለች። ፊት ለፊት ስታያት ስለምትጠፋባት፣ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ በዓይኗ ጠርዝ አየቻት። "እንደ ዶሮ" አለችኝ ኢንገሊሴ፣ "አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ፣ 'ሸብተሻል' አለችኝ። ከዚያ፣ 'ወፍረሻልም' አለች። ከዚያ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ትንሽ አለቀስን።"

"ቶርኪልስ?"

"ደረጃዋን እያየ ነው። ሁለተኛው እርከን በስብሷል።"

"መሣሪያ የለው፤ በምን ሊሠራ?"

"ከጎረቤቷ ተውሷል። ማግዳ ደግሞ ጫፉን እኔ እይዝልሃለሁ ትለዋለች፤ ለመያዝ ማየት አያስፈልግም ብላ።"

እኔ እዚህ ካምፑ ውስጥ ቁርሴን በሰዓቱ እበላለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚጠራኝ የለም። ክንዴም አያመኝም። ከሰዓት ግን ከሰው ወንበር ላይ ስነሣ ጠረጴዛ እደገፋለሁ። አርኔ ይህን አይቶ፣ "አንድ ነገር ልሥራልሽ እንዴ?" አለኝ። "ተወው፣ አንተ ከፋብሪካው አትበልጥም" አልኩት።

የመመለሻ ትኬታቸው የሳምንት ነበር፤ ኢንገሊሴ ሁለት ጊዜ አስለወጠችው። ቶርኪል አሁን ኖርዌይ ነው። አምስተኛ ሳምንቱን በማግዳ ግቢ፣ ከፖም ዛፉ ሥር በቆመው ባዶ ተጎታች ውስጥ ይተኛል።